ብሩሹ በየዓመቱ ከተቀየረ እጅ መቼ ይለምዳል?

እንዴት ናችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የሕፃናት መጻሕፍት ሥዕልና የፖስተር ሥራ እሠራለሁ፤ ዘንድሮ 12 ዓመት ሞላኝ። አንድ ጥያቄ ለብቻዬ ይዤው ከረምኩና ዛሬ ወደ እናንተ አመጣሁት።

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ ኮምፒውተሬን ስከፍት የምሥልበት ሶፍትዌር ሌሊቱን ራሱን አድሶ ጠበቀኝ። የመሣሪያ ሰሌዳው ከግራ ተነሥቶ ወደ ላይ ሄዷል፤ የግማሾቹ ምልክት ተቀይሯል። ይሄንን እለምደዋለሁ። ያንገበገበኝ ብሩሼ ነው፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ መስመር የምስብበትን መሣሪያ ማለቴ ነው። የደንገል ግንድ ዓይነት ሸካራ መስመር እንዲሰጠኝ ብዬ ጣና ሐይቅ ዳር ካነሣሁት ፎቶ የሠራሁት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያስተካከልኩ የገራሁት ብሩሽ ነበር። አሁንም ይከፈታል፤ ስሙም ያው ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ሆኗል። ቀስ ብዬ ስጫነው ቀስ ብሎ ይወፍር የነበረው መስመር አሁን ገና ስነካው ይወፍራል፤ ጫፉ ላይም እየቀጠነ ማለቁን ትቶ ድንገት ቁርጥ ይላል። እጄ ሳላዘው ይሠራው የነበረውን ነገር አሁን እያሰብኩ ላሠራው ነው። በሁለት ቀን የማስረክበው ሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ፤ ሲያልቅም ደስ አላለኝም።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ይዤ በጀልባ ዘጌ ተሻገርኩ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስገባ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ በዚህ ስሜት ሆኜ ግን ገብቼ አላውቅም። የመቅደሱ ዙሪያ በሥዕል የተሞላ ነው፤ ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሠርተው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ቅዱሳኑ በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዐይን ያዩናል፤ ክፉዎቹ በጎን ተሥለው አንድ ዐይን ብቻ ይታያል። እኔ ቆሜ ያየሁት የአንዱን ቅዱስ ቅንድብ ነው። ከአፍንጫው ሥር ተነሥቶ እስከ ጆሮው አጠገብ የሄደ አንድ መስመር፤ የተቋረጠበት የለም፤ የተደገመበትም የለም። ያንን መስመር የሳበው ሰው ብሩሹን ስንት ዓመት ያውቀው ነበር? ጠዋት ሲነሣ ብሩሹ ሌላ ሆኖ ጠብቆት ያውቃል?

ጥያቄዬ ይኸው ነው። መሣሪያው በየዓመቱ ሌላ ከሆነ፣ በዘመናችን አንድ ሰው መሣሪያውን ጠንቅቆ ያወቀ ባለሙያ ሊሆን ይችላል ወይ? እኔ አይችልም ባይ ነኝ። ሁላችንም ዕድሜ ልካችንን ጀማሪ ሆነን እንድንቀር ያደረገን የለውጡ ፍጥነት ነው ብዬ አምናለሁ። ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

ከዚህ በኋላ ብዙ መልስ መጣ። አንዱ ከሌላው ጋር ስለተያያዘ፣ ዘግይቶ የሚገባ ሰው እንዳይጠፋበት በየቁጥራቸው እያነሣሁ ላስቀምጠው።

1ኛው መልስ የሠርግ ቪዲዮ ከሚያቀናብር ወንድም ነው፤ በሙሉ ልቡ ተስማማ። የሶፍትዌር ለውጥን፣ ዐይነ ሥውር ሰው ቤት ሌሊት ገብቶ ዕቃውን ከማዘዋወር ጋር አመሳሰለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፋይናል ከት ፕሮ የተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አዲሱን አሥረኛ ስሪቱን ሲያወጣ፣ በቀደመው ስሪት የተጀመረ ሥራ በአዲሱ አልከፈት ብሎ በዓለም ዙሪያ ያሉ ኤዲተሮች እንዴት እንደተቆጡም አስታወሰን። እሱ ያኔ ገና ተማሪ ነበረ፤ ያስተማረው ሰው ግን የለመደውን ትቶ ወደ ሌላ ሶፍትዌር ሲዞር አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ የዚያን ሰው እጅ እንደ ድሮው ፈጥኖ አላየውም።

2ኛው አጭር ነው፤ ልክ ብለሃል የሚል።

3ኛው ሥዕል ከሚያስተምሩ ጋሼ የመጣ ሲሆን በጨዋ አነጋገር ነው ያረሙኝ። የድሮ ሠዓሊ መሣሪያው ተቀይሮበት አያውቅም ማለቴ ስሕተት እንደሆነ ጻፉ። ቀለም በቆርቆሮ ቱቦ ታሽጎ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ባስመዘገበው ፈጠራ ነው፤ ከዚያ በፊት የአውሮፓ ሠዓሊ ቀለሙን ፈጭቶ፣ ከዘይት ለውሶ፣ የተረፈውን በአሳማ ፊኛ ቋጥሮ ነበር የሚያስቀምጠው። ቱቦው ሲመጣ ቀለም የመፍጨት ሙያ ከሠዓሊው እጅ ወጣ፤ በምትኩ ሠዓሊው ሳጥኑን ይዞ ሜዳ ወጥቶ መሣል ቻለ። የሳቸው መደምደሚያ ሙያ ዐይን ውስጥ እንጂ ብሩሽ ውስጥ አይደለም የሚል ነው፤ ብርሃንን፣ መጠንን፣ የሰውነትን ሚዛን ያወቀ ሰው በከሰልም በኮምፒውተርም ያው እሱ ነው ይላሉ። አክብሬ አነበብኩት፤ ግን አላረካኝም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

4ኛው ቀዝቃዛ ውኃ ነበር። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እኔ ወር ሙሉ ያለቀስኩበትን አዲስ ስሪት በስልኩ ቪዲዮ እያየ በሦስት ሳምንት እንደጨረሰው ጻፈ። የኔ ቢጤዎች ችግራችን መሣሪያው ሳይሆን መማር መታከታችን ነው፤ ቦታችንን ለሚሮጥ መልቀቅ አለብን አለ። 5ኛው ያው የሠርግ ቪዲዮ ወንድም ተመልሶ፣ ቁልፉ የት እንዳለ ማወቅና መሣሪያውን ማወቅ ለየቅል መሆኑን አስረዳው፤ የባጃጅ ማርሽ መቀየር በአንድ ቀን ይለመዳል፣ ክረምት ላይ የትኛው ጉድጓድ ውኃ እንደተኛበት ማወቅ ግን ዓመት ይጠይቃል ብሎ።

6ኛው ላይ ቆም ማለት አለብኝ። የጻፈችው እኅታችን 20 ዓመት ያህል በማተሚያ ቤቶች የሠራች ናት። የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር የጋራ መለያ ቁጥር ከያዙበት ከዩኒኮድ በፊት የአማርኛ ፎንት የሚያወጣ ሁሉ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ጥርቅም ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ3.0 ስሪት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኮምፒውተሮቻችን እስኪያውቁት ደግሞ ብዙ ዓመት ወሰደ። አንድ የቅኔ መምህር ከብዙ ዓመት በፊት ያሳተሙትን መጽሐፍ እንደገና ሊያሳትሙ ፍላሽ ይዘው መጡ። ፋይሉ ተከፈተ፤ አንድም የሚነበብ ቃል የለም። ከታተመው ቅጂ ላይ ቃል በቃል እንደገና በኮምፒውተር ለቀመችው፤ እሳቸው አጠገቧ ወንበር ስበው ተቀምጠው ፀሐዩን ፀ ከጸሎቱ ጸ እየለዩ አነበቡላት።

ከዚህ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ስለ ጣቶቿ የጻፈችው ነው። በድሮው የፊደል አቀማመጥ ሰሌዳ ሳታይ ነበር የምትጽፈው፤ ከማተሚያ ቤቱ እሷን የሚቀድም አልነበረም። ወደ አዲሱ አጻጻፍ ሲዞሩ ዕድሜዋ 40 ደርሷል። አንድ ዓመት ሙሉ ትናንት ከተቀጠሩ ልጆች ኋላ ነበረች፤ ጣቶቿ ወደ ድሮው ቦታ እየሄዱ የተሳሳተ ፊደል ያወጡባት ነበር፤ ማታ ቤቷ ገብታ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ትለማመድ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ለውጡን አትረግምም። ዛሬ የምትለቅመው ጽሑፍ የዛሬ 30 ዓመትም እንደሚነበብ ስለምታውቅ፣ ያ የተሰቃየችበት ዓመት ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈለ ዋጋ እንደሆነ ነው የምታየው። ለውጥን ሁሉ በአንድ ከረጢት አትክተት ስትል መከረችኝ።

7ኛው የድሮ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ካለ ጠየቀ፤ 8ኛው እንዳለ፣ ግን ካለፈ በኋላ በዐይን መታረም እንዳለበት መለሰ፤ ቁጥሮችና ነጠላ ሰረዞች ላይ ይሳሳታል።

9ኛው ክራር መቺ ነው። የአያቱ ክራር ጅማቱ ከአንጀት የተፈተለ ነበር፤ የአባቱ ወደ ናይለን ዞረ፤ የሱ ደግሞ ድምፅ ማንሻ ተገጥሞለት ከስፒከር ጋር ይገናኛል። ጅማቱ ሲቀየር ድምፁ ሹል እንደሆነ፣ ጣትም ትንሽ መላላት እንዳለበት፣ ግን ትዝታው ትዝታ፣ ባቲው ባቲ ሆኖ እንደቀረ አጫወተን። ሁሉም በአንድ ሌሊት አልተቀየረም፤ በሦስት ትውልድ አንድ አንድ ነገር ነው የተነካው። የኔ ክፉ ዕድል ጅማቱም፣ ግንዱም፣ ቅኝቱም አንድ ላይ መቀየሩ ነው ብሎ አዘነልኝ።

10ኛው ተማሪው እንደገና። ክራር እንጀራ አይሆንም በሚል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2022 እንደ ስቴብል ዲፍዩዥን ያሉት ሥዕል አመንጪ ፕሮግራሞች ለሕዝብ ከተለቀቁ ወዲህ ደንበኛ ፖስተር የሚጠብቅበት ትዕግሥት እንዳለቀ፣ ስለ ቅንድብ መስመር ማውራት ጊዜ ለተረፈው ሰው እንደሆነ ጻፈ። በማስረጃነት በዚያ መንገድ የተሠራ አንድ የበዓል ፖስተር ለጠፈ። ፖስተሩ ደምቋል። ርእሱን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ግን ፊደል የሚመስል ፊደል ያልሆነ ነገር ነው፤ የለ እግር ያለው በ፣ የመ ሆድ ያለው ቀ። የማተሚያ ቤቷ እኅት ያንን አንድ በአንድ አሳየችው፤ በቁጥር ግን ኋላ 13ኛ ላይ ነው ያለው።

11ኛው የውይይቱን አቅጣጫ ቀየረው። ቁም ጽሕፈት የተማረ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ገዳማት በአንዱ አቅራቢያ የሚኖር ዲያቆን ነው የጻፈው፤ ስሕተቴንም ሳያስቀይመኝ አሳየኝ። እኔ የድሮ ሰው መሣሪያ አይለወጥም ብዬ ነው የተነሣሁት። እሱ በቀን ውስጥ መሣሪያው ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ቆጠረልኝ። ብዕሩ መቃ ነው፤ ራሱ ይቆርጠዋል፣ ራሱ ይሰነጥቀዋል። ጥቂት መስመር ሲጽፍበት ጫፉ ይደነዝዛል፤ ፊደሉ መወፈር ሲጀምር ቢላዋውን አንሥቶ ይቀርጸዋል። እያጠረ ሲሄድ አያያዙ ይቀየራል፤ ሲያልቅ ሌላ መቃ ይቆርጣል፤ ሁለት መቃ ደግሞ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። ብራናውም እንደዚያው ነው። የፍየል ቆዳ ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ሲወጣ የአንገቱ ወገን ይጠነክራል፣ የሆዱ ወገን ይሳሳል፤ ጠጉር የነበረበት ገጽና ሥጋ የነበረበት ገጽ ቀለም አጠጣጣቸው ይለያያል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተዋሕዶ ወራት እየተሸ የሚቆይ ስለሆነ የዘንድሮው ከአምናው ይለያል።

እንግዲህ ይላል ዲያቆኑ፣ ከኔ ይልቅ የሱ መሣሪያ ነው ተለዋዋጩ። ለአንድ ቀን እንኳ ያው ሆኖ አይውልለትም። ልዩነቱ የሚቀርጸው ራሱ መሆኑ ነው። ብዕሩ ሲከዳው ምን እንደሆነበት ያውቃል፤ ምን ያህል ቢቆርጠው እንደሚመለስለትም ያውቃል፤ መምህሩ መጀመሪያ ያስተማሩት መጻፍ ሳይሆን መቅረጽ ነበር። የኔን ብሩሽ ሌሊት የቀረጸው ግን ሌላ ሰው ነው፤ እጄን አይቶ የማያውቅ፣ ምን እንደምሥል ያልጠየቀኝ ሰው።

ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ክፍሉ ውስጥ ተንቆራጠጥኩ። ወር ሙሉ ፍጥነቱን ስረግም ከርሜያለሁ፤ የተሳሳተ ነገር ነበር የምረግመው። 12ኛው መልስ የኔ ነው፤ የመክፈቻ ሐሳቤን በግልጽ አንሥቼ ሌላ ተክቻለሁ። መሣሪያ መለወጡ ሙያን አይገድልም፤ ለውጡ ከባለሙያው እጅ ሲወጣ ነው ሙያው የሚሞተው። መጠገን፣ መቅረጽ፣ ባለበት ማቆየት የማልችለውን ነገር አገለግለዋለሁ እንጂ አላውቀውም።

13ኛው ላይ የማተሚያ ቤቷ እኅት ከፖስተሩ እርማት ጋር ዲያቆኑን ስለ ቀይ ቀለም ጠየቀችው፤ እሱም ኋላ መለሰላት። 14ኛው ግን ከረር ያለ ነበር። ተማሪው፣ ብራና ዛሬ ለቱሪስት የሚሸጥ ዕቃ እንደሆነና ሰው ሁሉ ገዳም ገብቶ መቃ ሊቀርጽ እንደማይችል ጻፈ፤ ዲያቆኑን የሚነካ ቃልም ተጨምሮበት ስለነበር ያንን እዚህ አልደግመውም።

15ኛው ከአንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺ መጣ። ልጄ ብለው ነው የጀመሩት፤ ቁጣቸው ግን ይታያል። በዚህ ቤት ሰው በሙያው አይሰደብም አሉት። ከዚያ የራሳቸውን አስከተሉ። ኮዳክሮም የሚባለው የኮዳክ ቀለም ፊልም እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ሲመረት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 መመረቱ እንደሚቆም ተነገረ፤ በ2010 መጨረሻ ላይ ደግሞ የመጨረሻው አጣቢ ቤት ማጠብ አቆመ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጥከው ጥቅል ቢኖርህም የሚያጥብልህ የለም። እሳቸው ያነሡ የነበረው በሌላ ፊልም ነው፤ ታሪኩ ግን አንድ ነው፤ ፎቶ በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ የማጠቢያውን መድኃኒት በጠረኑ፣ ወረቀቱን በጣታቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ መድኃኒቱም ወረቀቱም ከከተማው ሱቅ ሲጠፋ ዕውቀቱ ጣታቸው ላይ ቀረ።

16ኛውን ሳነብ ተማሪውን እንደ አዲስ ተዋወቅሁት። ይቅርታ ጠየቀ፤ መጀመሪያ ዲያቆኑን፣ ቀጥሎ እኔን። ከዚያ ለምን እንደሚቆጣ ነገረን። ኮምፒውተር የለውም፤ የሚሠራው በስልክና በሰዓት በሚከራይ ላፕቶፕ ነው። አንድ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በካርዱ ከፍሎለት በየወሩ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ያዘ። ኔት ለረጅም ጊዜ በጠፋብን ወቅት ያ ሶፍትዌር ክፍያህን ላረጋግጥ ብሎ አልከፈት አለ፤ የተዋዋለው ሥራ ውስጡ እንደተቆለፈ ቀረ፤ ደንበኛው ወደ ሌላ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድ መሣሪያ ላይ ልቡን ላለመጣል ወስኗል፤ ያገኘውን በፍጥነት ይማራል፣ ሲወሰድበት ሌላ ይማራል። ሦስት ሳምንት ብሎ የተኩራራበት ፍጥነት ቁስል ነበር ለካ። በ4ኛው መልስ ላይ ማታ ማታ ስናደድ የነበርኩት እኔ፣ እዚህ ላይ ሌላ ሰው ሆንኩ። የሱ ጉዳትና የኔ ጉዳት ሥራቸው አንድ ነው፤ እኔ ስድስት ዓመት ይዤ ስለቆየሁ አዘንኩ፤ እሱ እንድይዝ እንኳ አልተፈቀደለትም።

ከ17 እስከ 20 ወሬው ወደ ሐይቁ ወጣ። አንዱ ስለ ደንገል ብሩሼ አንሥቶ ወደ ታንኳ ገባ። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1969 ራ የምትባል የደንገል ጀልባ ይዞ ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉ ከጣና የሄደ ነበር፤ የሠሯት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ያቺ ባርባዶስ ሳትደርስ ተበታተነች። በዓመቱ በኢትዮጵያ ደንገል ራ 2ን የሠሩለት ከቦሊቪያው ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች ሲሆኑ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ሌላው ተቀብሎ፣ ይህ የቻዶቹ ሠሪዎች ድክመት ተደርጎ እንዳይወሰድ አስጠነቀቀ፤ የመጀመሪያዋ የተጎዳችው በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ የጀልባዋን ኋላ ቀና አድርጎ የሚይዝ ገመድ ስላልተደረገላት ነው፤ የገመዱ ጥቅም የገባቸው ባሕር ላይ ከወጡ በኋላ ነው። የጣና ታንኳ ሠሪዎችን ማን ጠየቃቸው ብሎ የተቆጨም አለ። 20ኛው እምቦጭን አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁን ከያዘው ወዲህ ደንገል ፍለጋ እንደ ድሮው ቀላል አለመሆኑን። ይህ ራሱን የቻለ ውይይት ይገባዋልና እዚያ ላይ ቆመ።

21ኛው መልስ ከሦስት ዳይሜንሽን አኒሜሽን ሠሪ ነው፤ በተግባር የጠቀመኝ ይህ ነው። ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2002 ኮዱ በሕዝብ መዋጮ 100,000 ዩሮ ተገዝቶ ነፃ እንደወጣ አስታወሰ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 የወጣው 2.80 ስሪት መልኩን ክፉኛ ቀየረ፤ ለዓመታት ዕቃ የሚመረጠው በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነበር፣ ነባሪው ቅንብር ወደ ግራ ዞረ። የሁሉም እጅ ተሳሳተ። ነገር ግን የድሮው ልማድ በማስተካከያው ውስጥ ተጠብቋል፤ የቀደሙት ስሪቶችም ዛሬ ድረስ ከድረ ገጹ ይወርዳሉ፤ የሚከለክልህ የለም። እሱ የጀመረውን ፊልም በጀመረበት ስሪት ነው የጨረሰው። ክሪታና ኢንክስኬፕ የተባሉት የሥዕል ሶፍትዌሮችም እንደዚያው መሆናቸውን፣ ክፍያም ሆነ ኔት እንደማይጠይቁ ለተማሪው ጻፈለት። 22 እና 23 ላይ ተማሪው በ4 ጂቢ ራም ይሠራ እንደሆነ ጠይቆ፣ የድሮውን ስሪት ከወሰደ እንደሚሠራለት ተመለሰለት።

24ኛው ላይ መምህሩ ተመለሱ፤ አልተሸነፉም። በድሮውና በአዲሱ ብሩሽ የሠራኋቸውን ሁለት ሥዕሎች ለጥፌ ነበር። ጋሼ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አለመቻላቸውን ጻፉ፤ ተማሪዎቻቸውንም ጠይቀው ግማሹ እንደተሳሳተ። ስለዚህ የተጎዳው ሥራው ሳይሆን የኔ ምቾት ነው ባይ ናቸው፤ ምቾት ሲጓደል ደግሞ ሠዓሊ ሊማር የሚችለው ነገር አለ።

አመመኝ። ሌሊቱን ተኝቼ ስላልነጋልኝ መልሴን በማግሥቱ ጻፍኩ። ተመልካች ላይለየው ይችላል፤ እሺ። ነገር ግን ሁለተኛውን ሥዕል እስክጨርስ የፈራኋቸውን መስመሮች እኔ ነኝ የማውቃቸው። ረጅሙን መስመር ሦስት ቦታ ቆርጬ ነው የሳብኩት፤ ድፍረት ሲያንሰኝ ደግሞ ጥቂት ነገር ነው የምሞክረው። ጋሼ የሚያዩት የተሠራውን ነው፤ ሳልደፍረው የቀረሁት አይታያቸውም። በዚህ አልተስማማንም፤ አሁንም አንስማማም፤ ግን በእርሳስ ብቻ አንድ ወር ሥል ያሉኝን ጀምሬያለሁ።

25ኛውን የጻፈችው የታፔላ ጸሐፊ ልጅ ናት። አባቷ የዚህን ከተማ ሱቆች፣ ሆቴሎችና የባጃጅ ጀርባ ለዓመታት በእጃቸው የጻፉ ሰው ናቸው። የሳቸው ብሩሽ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ደንበኛው ነው። የባነር ማተሚያ መጣና አንድ ታፔላ በሚጽፉበት ቀን ሃያ ባነር ይወጣ ጀመር። ብሩሾቹ አሁንም ላምባ ታጥበው፣ በዘይት ተቀብተው የድሮ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በየወሩ ያወጧቸዋል፤ ያዩአቸዋል፤ መልሰው ይከቷቸዋል።

ልጅቱ የአባቷን ፊደል ወደ ፎንት ልታዞር ተነሥታለች። 33ቱን ፊደል በሰባቱ ድምፅ 231 አድርጋ፣ ዲቃላዎቹንና ቁጥሮቹን ጨምራ በካርቶን ላይ አስጽፋለች። ችግር የገጠማት ራሳቸው አባቷ ጋ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስታሳያቸው አይቀበሉም፤ ጨ ከለ አጠገብ ሲቆም እግሩን ሰብሰብ ማድረግ አለበት፣ ከረ ፊት ሲሆን ይዘረጋል ይሏታል። ለሳቸው አንድ ጨ የለም፤ እንደ ጎረቤቱ የሚቀመጥ ጨ ነው ያለው። ለአንዱ ፊደል ሦስት አራት መልክ ስታበጅ ስድስት ወር አለፈ። እርዳታ ፈልጋ ነው ወደዚህ የመጣችው።

ዲያቆኑ በ26ኛው፣ በብራና ላይም የመስመሩ መጨረሻ ሲጠብ ፊደል እንደሚታጠፍ ነግሯት መጥቶ ሊያሳያት ቃል ገባ። የማተሚያ ቤቷ እኅት የዩኒኮዱን ቦታ አያያዝ ወሰደች። 27ኛው ተማሪው ነው፤ ካርቶኖቹን በስልኩ ካሜራ አንሥቶ በኢንክስኬፕ ወደ ጥርት ያለ መስመር ሊያዞርላት፣ ያለ ክፍያ።

28ኛው የኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግሽ ዓባይ ሰፈር፣ እነሱ ቤት እንገናኛለን። አባትየው አንድ ነገር አስቀድመው ልከዋል፤ እጃቸውን ሳያዩ ፊደላቸውን የሚነካ የለም፤ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቆርቆሮ ቁራጭ ይዞ ይምጣና መጀመሪያ በሳቸው ብሩሽ አንድ ሀ ይጽፋል። ተማሪው ቆርቆሮ ከየት እንደሚገኝ ጠይቋል፤ የጣራ ክዳን ቁራጭ ቤቴ ስላለ ለሁለታችንም እኔ አመጣለሁ።